ላለመውጣት ማወቅ፦ የዓለት ወጪው መንገድ በኮሎራዶ አምባ



ዛሬ ስለ አንድ መንገድ እናገራለሁ። መንገዱ የሚገኘው በአሜሪካ ምዕራብ፣ ዩታ፣ ኮሎራዶ፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ የተባሉት አራት ግዛቶች በሚገናኙበት ደረቅ ምድር ነው። የጂኦሎጂ ሊቃውንት አካባቢውን የኮሎራዶ አምባ ይሉታል፤ ስፋቱ ወደ 337 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ወንዞች እየሰረሰሩ ጥልቅ ሸለቆዎች አውጥተውለታል፤ በሸለቆዎቹ መካከል ቀያይ ገደሎችና ብቸኛ የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል። ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር፣ ገመድና የብረት መያዣ በመኪናቸው የጫኑ ሰዎች ከገደል ወደ ገደል እየተዘዋወሩ ይህን ምድር ያቋርጣሉ። ሌሊቱን ከመኪናቸው አጠገብ ያድራሉ፤ ቀኑን ገደል ላይ ይውላሉ። በዚህ ንግግር ዓለት ወጪዎች እላቸዋለሁ።

ስለ ዓለት ወጪ የሚጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የመውጣት ታሪክ ነው፤ ማን ቀደመ፣ በየት በኩል ወጣ፣ ስንት ቀን ፈጀበት የሚል። እኔ የማተኩረው ግን ሳይወጣ በቀረው ላይ ነው። በዚህ በረሃ የዓለት ወጪ ዕውቀት የሚፈተነው መውጣት እየቻለ በሚተወው ዓለት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ምድሪቱ ለተጓዡ ሦስት ጊዜ «ተው» ትለዋለች፤ በመጀመሪያ በድንጋዩ፣ ቀጥሎ በሕያዋን ፍጥረታቷ፣ በመጨረሻም በባለቤቶቿ አንደበት። መንገዱን ተከትለን ሦስቱንም በየተራ እንመልከት።

መነሻችን በምሥራቅ ዩታ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር ያለችው ትንሿ ከተማ ሞአብ ናት። ስሟ ለአማርኛ ሰሚ እንግዳ አይደለም፤ የሩት አገር ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ወደዚህ የመጡት የሞርሞን እምነት ተከታዮች ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን ለምድሩ ሰጥተዋል። በደቡብ ምዕራብ ዩታ ያለው ታላቅ ሸለቆም ጽዮን የተባለው እነርሱ ባመጡት ስም ነው። ሆኖም ሸለቆው እ.ኤ.አ. በ1909 በመንግሥት ጥበቃ ሥር ሲገባ የተመዘገበው ከፓዩት ሕዝብ በተወሰደው ሙኩንቱዊፕ በተባለው ስም ነበር፤ ጽዮን ተብሎ የተለወጠው በ1918 ነው። ስም ስለ ባለቤትነት ምን እንደሚነግረን ወደ መንገዱ ፍጻሜ ስንቃረብ እመለስበታለሁ።

የሞአብ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ያልነካው በረሃ ተብሎ ይገለጻል። መንገዱ ራሱ ግን ይህን ያስተባብላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ቻርሊ ስቲን የተባለ ጂኦሎጂስት ከሞአብ በስተደቡብ ከፍተኛ የዩራኒየም ክምችት ካገኘ በኋላ ማዕድን ፈላጊው አካባቢውን አጥለቀለቀው። ዛሬ ዓለት ወጪው ወደ ገደሎቹ የሚነዳባቸው በርካታ የአፈር መንገዶች በዚያ ዘመን በቡልዶዘር የተጠረጉ ናቸው። ስለዚህ ተጓዡ ባዶ ምድር ላይ አልደረሰም። ከእርሱ በፊት ብዙዎች መጥተው፣ ኖረው፣ ወስደውና ትተው አልፈዋል፤ ዛሬም የሚኖሩበት አሉ።

ከሞአብ ወንዙን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው 128 ቁጥር መንገድ ካስልተን ወደተባለው ማማ ያደርሳል። ማማው ከትልቅ የድንጋይና የአፈር ቁልቁለት አናት ላይ የተተከለ ሲሆን ራሱ ብቻ 120 ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሌይተን ኮርና ሃንትሊ ኢንጎልስ መጀመሪያ ወጡት። በ2018 ደግሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማማውን ንዝረት ለመለካት ፈለጉ። አንዱ መሣሪያ ከሥሩ፣ ሌላው ከአናቱ መቀመጥ ነበረበት፤ የአናቱን ተሸክመው ያደረሱት ዓለት ወጪዎች ናቸው። ውጤቱ ማማው ነፋስና የሩቅ መሬት መንቀጥቀጥ በሚሰጡት ኃይል ሳያቋርጥ እንደሚወዛወዝ አሳየ፤ ዋነኞቹ ምቶቹ በሴኮንድ 0.8 እና 1.0 ጊዜ ናቸው። ይህ ዕረፍት ላይ ካለ ሰው የልብ ምት ጋር የሚቀራረብ ነው። ዓይን አያየውም፤ እጅም አይሰማውም። የማይነቃነቅ የመሰለን ዓለት ኃይልን እየተቀበለ የሚመልስ አካል መሆኑን ግን ልኬቱ አረጋግጧል።

የመጀመሪያው «ተው» የሚመጣው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ካስልተን የታነጸበት ዊንጌት የተባለው የአሸዋ ድንጋይ ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነፋስ የከመረው የአሸዋ ኮረብታ ነበር። አሸዋው እየተቀበረና እየተጫነ ሲሄድ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ያመጣቸው ማዕድናት ቅንጣቶቹን እርስ በርስ አጣበቁ። ይህ ማጣበቂያ እንደየቦታው ይለያያል፤ በአንዳንዱ ዘንድ ሸክላ አለበት፣ በሌላው ኖራነት ያለው ማዕድን ወይም የብረት ዝገት። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ይሰርጋል፤ ማጣበቂያው ይላላል፣ ድንጋዩም ጥንካሬውን በጉልህ ያጣል። ጥቁር ድንጋይ ወይም ግራናይት ፊቱ ሲደርቅ ይወጣል። የአሸዋ ድንጋይ ግን ፊቱ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ይህን በተጓዥ ዓይን እንየው። አንድ ሰው የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ቀንና ሌሊት ነድቶ ደረሰ እንበል። በመጀመሪያው ሌሊት ዘነበ። በማግሥቱ ሰማዩ ጠራ፣ ገደሉም ደርቆ አበራ። የአካባቢው ልማድ ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት እንዲጠብቅ ይነግረዋል። ከገደሉ ሥር አፈሩን በጣቱ ጫር ያደርጋል፤ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ከሆነ፣ ድንጋዩም እንደዚያው ነው። በዚህ ጊዜ ቢወጣ እጁ የጨበጠው ጉጥ ሊገነጠል፣ በስንጥቁ የሻጠው ብረትም ድንጋዩን ሰብሮ ሊወጣ ይችላል። ጉዳቱ በእርሱ ብቻ አያበቃም። የተሰበረ ጉጥ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያገኘው የተሰበረውን ነው። ከአራቱ ቀናት ሦስቱን ተቀምጦ ያሳለፈ ዓለት ወጪ ጉዞው የከሸፈበት ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን ድንጋዩን በትክክል ያነበበው እርሱ ነው እላለሁ።

ከሞአብ በ191 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም በ211 ቁጥር ወደ ምዕራብ ሲታጠፉ ኢንዲያን ክሪክ ይደረሳል። በዚህ ሸለቆ ግራና ቀኝ የዊንጌት ገደሎች ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ይዘረጋሉ፤ ቀጥ ብለው የወረዱ ስንጥቆችም አሏቸው። ዓለት ወጪው እጁን ወይም ጣቶቹን በስንጥቁ ውስጥ ሽጦ፣ ጡንቻውን አጥብቆ ራሱን ያንጠለጥላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሱፐርክራክ የተባለው ስንጥቅ ሲወጣ የሸለቆው ዝና ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሬይ ጃርዲን የፈለሰፈው መያዣ ለገበያ ቀረበ፤ ምላሱ ሲሳብ የሚጠብ፣ ሲለቀቅ ሰፍቶ ስንጥቁን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ስንጥቁን በመዶሻ መደብደብ ቀረ፣ ወጪውም በዛ።

ሁለተኛው «ተው» እዚህ ይሰማል፤ የሚመጣውም ከሕያዋን ነው። ፐርግሪን የተባለው ጭልፊትና ወርቃማው ንስር በነዚሁ ገደሎች መደርደሪያ ላይ ይፈለፍላሉ። ፐርግሪን በዲዲቲ ምክንያት የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ ከአሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረ አዕዋፍ ነው፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሰው በጎጆው አቅራቢያ ሲንጠለጠል እናቲቱ ትነሣለች፤ እንቁላሉ ይበርዳል ወይም በፀሐይ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት የመሬት አስተዳደሩ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የተወሰኑ ገደሎች እንዲተዉ ይጠይቃል። በየገደሉ ሥር ዘበኛ አይቆምም። ማሳሰቢያው ይነበባል፤ የቀረው ለኅሊና የተተወ ነው።

ከገደሉ ሥር ያለው መሬትም ሕያው ነው። ጠቆር ብሎ ያበጠው የአፈር ቅርፊት ሳይኖባክቴሪያ፣ ሊችንና ሽበት ተያይዘው የሠሩት ድር ነው። አሸዋውን ከነፋስና ከጎርፍ ይይዛል፤ ናይትሮጂንም ያበረክታል። አንድ የጫማ እርምጃ ይሰብረዋል፤ ለማገገም ግን ዐሥርተ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ወደ ገደሉ በአንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ መሄድ ደንብ የሆነው ለዚህ ነው።

በ211 ቁጥር መንገድ ዳር፣ ገደሎቹ ጋ ሳይደረስ፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሥዕሎች የተፈለፈሉበት ጠፍጣፋ ዓለት አለ። ወደ ሦስተኛው «ተው» የሚያሻግረን እርሱ ነው። ሥዕሎቹን የፈለፈሉት ትውልዶች ዘሮች ዛሬም አሉ። የሆፒ፣ የናቫሆ፣ የዙኒና የሁለት የዩት ነገዶች መንግሥታት በአንድነት ባቀረቡት ጥያቄ መነሻነት፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ኢንዲያን ክሪክን ጨምሮ 1.35 ሚሊዮን ኤከር መሬት ቤርስ ኢርስ በሚል ስም የተጠበቀ ሥፍራ አድርገው ዐወጁ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በ2017 ከመሬቱ 85 በመቶ ያህሉን ቀነሱ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 መለሱት። የ2016ቱ ዐዋጅ ዓለት መውጣትን ከሥፍራው መዝናኛዎች አንዱ አድርጎ በስም ጠቅሶታል። ዓለት ወጪው በዚህ ምድር የተፈቀደለት እንግዳ መሆኑን ልብ እንበል፤ ንግግሬም ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር አይደለም።

ይሁንና የተፈቀደ እንግዳ በሁሉም ክፍል አይገባም። መንገዱ ወደ ደቡብ ቀጥሎ ከ70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚሰፋው የናቫሆ ብሔር ግዛት ይገባል። በኒው ሜክሲኮ ሜዳ ላይ፣ ከዙሪያው 480 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ የእሳተ ገሞራ ቅሪት አለ። ሰፋሪዎች የመርከብ ሸራ መስሏቸው ሺፕሮክ አሉት። በናቫሆ ቋንቋ ስሙ «ክንፍ ያለው ዓለት» ማለት ነው። ቀደም ሲል ስለ ስም ያነሣሁት እዚህ ይመጣል። በእንግዳው ስም ይህ ዓለት የሩቅ መልክ ብቻ ነው፤ በባለቤቱ ስም ግን ታሪክ አለው። በትውፊቱ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ በመብረቅ በመፍረሱ አናቱ ላይ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ዕረፍታቸው መታወክ የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1939 አራት የካሊፎርኒያ ዓለት ወጪዎች ብዙዎች ሞክረው ያልሆነላቸውን ይህን ዓለት ወጡት። ድንጋዩን ሰርስረው ብሎን አስገቡ፤ ይህም በአሜሪካ ዓለት መውጣት ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን የናቫሆ ብሔር ዓለቱን መውጣት ከልክሏል። ከዚያ በኋላም በድብቅ የወጡ አሉ። የሚያቀርቡት መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ ድንጋይ የማንም አይደለም፣ የወጣ ሰውም ምንም አይወስድም ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው «ተው» በፊዚክስ ይገለጻል፤ ሁለተኛው በሥነ ሕይወት። ሁለቱንም የሚያከብር ሰው ማስረጃውን አይቶ ነው የሚያከብረው፤ አንዳንዴም ለራሱ ደኅንነት ሲል። ሦስተኛው ግን በመሣሪያ አይለካም። ሺፕሮክ ላይ የወጣ ሰው ጉጥ ባይሰብር፣ ጎጆም ባያውክ፣ ክልከላው እንደ ጸና ነው። የቤቱ ባለቤት «አትግባ» ሲል ምክንያቱን ለእንግዳው ማሳመን አይጠበቅበትም። በማስረጃ ብቻ የሚታዘዝ ሰው ማስረጃውን አከበረ እንጂ ሰውን አላከበረም። መከባበር የሚፈተነው በዚህ በሦስተኛው ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በገርዓልታም የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች አሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ዓለት ወጪዎችም ጎብኝተዋቸዋል። ወደ አቡነ የማታ ጉህ የሚወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ይወጣል። ደብረ ዳሞ የሚወጣው መነኮሳቱ ባወረዱት ገመድ ነው፤ ገመዱ ካልወረደለት ይመለሳል። አንድ ጎብኚ የራሱን ብሎን በገደሉ ላይ ሰርስሮ በሌላ ጎን ልውጣ ቢል ምን እንደሚሰማን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም። የናቫሆ ሕዝብ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም ለተማሪዎቼ አንድ ቃል ልጨምር። እናንተ ለመስክ ጥናት ስትወጡ መዶሻ፣ የናሙና ከረጢትና መለኪያ ትይዛላችሁ። የካስልተን ልብ ምት የተለካው መሣሪያ አናቱ ላይ ተቀምጦ፣ ተለክቶ፣ ተመልሶ ስለ ወረደ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ምንም አልጎደለም። ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፦ ድንጋዩ ይችለዋልን? በላዩና በሥሩ የሚኖረው ማን ነው? ባለቤቱስ ምን አለ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት መልስ የምታገኙት በቤተ ሙከራና በመጻሕፍት ነው። ለሦስተኛው ግን ወደ መንደሩ ሄዳችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። የምታገኙት መልስ «አይሆንም» ከሆነም፣ እርሱን በመስክ ማስታወሻችሁ መዝግባችሁ ተመለሱ፤ እርሱም የጥናቱ ውጤት ነውና።