በበረዶ ሥር ያለው ገብስ
በካናዳዋ አልበርታ አንዳንድ ከብት አርቢዎች በበረዶው ወራት መኖ ተሸክመው አይመላለሱም፤ ላሟ ራሷ ማሳ ወርዳ ትበላለች። ገብስ ወይም አጃ ዘግይተው ይዘሩና፣ ፍሬው ገና እሸት ሳለ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ያጭዱታል። አይከምሩትም፤ በረድፍ እንደተኛ ይተዉታል። ከዚያ በኤሌክትሪክ አጥር እየከለሉ ለጥቂት ቀን የሚበቃትን ብቻ ይከፍቱላታል፤ አለዚያ እሷ ብልጥ ናት፣ ፍሬውን መርጣ በልታ አገዳውን ትረግጠዋለች። ውኃስ? ንጹሕና ለስላሳ በረዶ ካገኘች ያንኑ እየላሰች ትውላለች።

ብርዱን ትችለዋለች፤ የበረዶ ክምሩንም በአፍንጫዋ ገፍታ መኖው ጋ ትደርሳለች። የሚከፋው ድንገተኛ ሙቀት ነው። ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ሲወርድ በረዶው ይቀልጣል፤ ሲበርድ መልሶ ይረጋና ረድፉን በግግር ያሽገዋል። ያኔ አርቢው ትራክተር አስነስቶ ይሰብርላታል። ከአጨዳው በኋላ ዝናብ ከደጋገመ ደግሞ መኖው ይሻግታል፤ ስለዚህ ጠንቃቃው አርቢ መጠባበቂያ ድርቆሽ አያጣም።