ከአንኮበር እስከ አያት፤ ስለ ጓዝና ስለ ሰፈር የተነገረ ቃል



ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የሕንፃውን ታሪክ መናገር የቈየ ልማድ ነው፤ መሠረቱ መቼ እንደ ተጣለ፥ ጣራው መቼ እንደ ተከደነ፥ ደወሉን ማን እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በአያትና በአካባቢው የሚኖረው ሰው እጅግ ብዙው ከሌላ ስፍራ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣ ነው። ስለዚህ በዛሬው በዓል ከሕንፃው ይልቅ ስለ መንገዱ መናገር የተገባ ሆኖአል፤ ይኸውም ቤቱን በጭነት አድርጎ ስለሚሄድ ቤተ ሰብ፥ ከደረሰበትም ስፍራ ባለ ቤት የሚሆነው በምን እንደ ሆነ ነው።

ነገሩ በሦስት ይከፈላል። ፊተኛው የአባቶች ቤት በድንኳን ሲጓዝ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው ያ ጕዞ በእንጦጦና በአዲስ አበባ እንዴት እንደ ቆመ ነው። ሦስተኛው ዛሬ ወደ አያት የመጣ ቤተ ሰብና የተቀበለው ጎረቤት ከዚያ ምን እንደሚማሩ ነው።

የኢትዮጵያ መናገሻ ብዙ ዘመን በበቅሎ ጀርባ ላይ ነበረ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ፥ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ፥ ንጉሥ ከነሠራዊቱና ከነቤተ ሰቡ በድንኳን ይኖር ነበር። ማገዶው ሲያልቅ፥ የፈረሱና የበቅሎው ሣር ሲራቈት፥ የአገሩ እህል ሲመናመን፥ ነጋሪት ይጐሰማል፤ ካስማው ይነቀላል፤ ከተማው በሙሉ ይነሣል። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞው አነጋገር የንጉሥ ወይም የመኰንን ሰፈር ማለት ነበረ እንጂ የድንጋይ ቤት ክምችት ማለት አልነበረም።

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ ከአገሩ መልእክተኞች ጋራ በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ተቀምጦ ነበርና፥ ይህን የሚጓዝ ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፎአል። መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1540 በሊዝቦን ታተመ። የንጉሡ ድንኳን ከፍ ካለው ስፍራ ይተከላል፤ የቤተ ክርስቲያን ድንኳኖች በአቅራቢያው ናቸው፤ መኳንንቱ፥ ዳኞቹ፥ ሠራተኞቹ፥ ገበያውም ሳይቀር የታወቀ ስፍራ አላቸው። ሰፈሩ በተነሣ ጊዜ ታቦታቱ በካህናት ትከሻ ይጓዛሉ፤ መስቀልና ጽና ይቀድማል፤ ደወል ይመታል፤ በመንገድ ያገኛቸውም ሰው ከበቅሎው ወርዶ ያሳልፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚደነቀው የድንኳኑ ብዛት አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ምድሩ ቢለወጥ የሰዉ አቀማመጥ አይለወጥም። ትናንት በቀኝ የሰፈረ ዛሬም በቀኝ ይሰፍራል፤ ትናንት ጎረቤት የነበረ ነገም ጎረቤት ነው። እንዲህም ስለ ሆነ ሰውየው ወደማያውቀው አገር ቢደርስ ተራራው እንግዳ ይሆንበታል እንጂ ሰፈሩ እንግዳ አይሆንበትም። በኦሪት ዘኍልቍም ይህንኑ የመሰለ ሥርዓት ተጽፎአል፤ ይሁዳ በምሥራቅ፥ ሮቤል በደቡብ፥ ኤፍሬም በምዕራብ፥ ዳን በሰሜን፥ በመካከሉም ደብተራ ኦሪት ከሌዋውያን ጋራ። አርባ ዓመት በምድረ በዳ የዞረ ሕዝብ ሳይበተን የኖረው፥ ውኃው በራቀበትም ቀን ቢሆን የየነገዱ ስፍራ የታወቀ በመሆኑ ነው።

የሰፈሩ ሥርዓት ድንኳኑ ከቀረ በኋላ እንኳ በቋንቋ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቶአል። ፊታውራሪ የፊተኛው ጦር መሪ ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙ፥ ግራዝማች የግራው አዝማች ነው፤ ደጃዝማች የደጁ ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀውም ደጀን ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሹመትም እንዲሁ ነው፤ መሪጌታ በመካከል፥ ቀኝጌታ በቀኝ፥ ግራጌታ በግራ ይቆማሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ደብተራ በግእዝ ድንኳን ማለት ነው። ማሕሌት የሚቆመው ሊቅ በድንኳን ስም መጠራቱ፥ ቤተ ክርስቲያንም ከሕዝቡ ጋራ መንገደኛ የነበረችበት ዘመን እንዳለ ይመሰክራል።

የአንዱ ቤተ ሰብ ጕዞ የዚህ የታላቁ ሰፈር ታናሽ አምሳያ ነበረ። አባወራው ገና ጭነቱ ሳይነሣ የእንስሳቱን ኮቴና የጭነቱን ጠፍር ይመረምራል። እመቤቲቱ ደግሞ አስቀድማ ስንቁን ታሰናዳለች፤ በሶው ይፈጫል፥ ዳቦ ቆሎው ይቈላል፥ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፥ በርበሬው ይደለዛል፥ አሞሌው ይታሰራል። ምጣዱ በገለባ ተጠቅልሎ ከሁሉ በላይ ይጫናል፤ ምጣድ ከተሰበረ ቤት ፈረሰ ማለት ነውና። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ፥ አሮጊቲቱ በበቅሎ፥ የቀረው በእግሩ ይሄዳል። ማታ ካረፉ በኋላ ወንዶቹ ቢያንቀላፉ ሴቶቹ ገና ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ፥ እሳት ያነዳሉ። የዚያ ጕዞ ምሰሶ ሴቶች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ይህ ሲነገር ግን ዕዳው በማን ትከሻ እንደ ወደቀ ሊረሳ አይገባም። ሰፈሩ ባረፈበት አገር ገበሬው እህሉን ያቀርባል፤ በቤቱም ወታደር ይመራበታል፤ የሚያሳድረው ሰው ተሰሪ ይባል ነበር። ጫካው ተመንጥሮ፥ ጎተራው ተራቍቶ፥ ከተማው ወደ ሌላ ስፍራ ሲነሣ ባላገሩ ከባዶው ምድር ጋራ ይቀራል። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ፥ ካረፈበት ስፍራ አስቀድሞ የነበረ ሰው እንዳለ ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ከገቡ በኋላ መቀመጫቸው አንኮበር ነበረ። ኋላም መናገሻቸውን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ እያስጠጉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከእንጦጦ ተራራ ደረሱ። ከአንኮበር ገደል ወጥቶ፥ የደብረ ብርሃንን ብርዳም ሜዳ አቋርጦ እስከዚህ ያለው መንገድ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በመኪና ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ የሚታለፈው፥ ያን ጊዜ ሽማግሌና ሕፃን፥ ጋንና ምጣድ፥ ድንኳንና ታቦት ይዞ ለሚሄድ ሰው የብዙ ቀን ጕዞ ነበረ። ከደብረ ብርሃን በሰንዳፋና በለገጣፎ የሚመጣው አውራ ጎዳና ዛሬም ወደ አዲስ አበባ የሚገባው በዚሁ በምሥራቁ በር ነው። ስለዚህ የአያት ሰው ከደጁ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት ያ ጓዝ የመጣበትን ወገን ያያል።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ይበልጣል። ለጠላት የማይመች ቢሆንም ለኗሪውም አልተመቸም፤ ነፋሱ ብርቱ፥ ማገዶው ጥቂት ነበረ። ከተራራው በታች ግን በኦሮምኛ ፊንፊኔ የሚባለው የፍል ውኃ ሜዳ አለ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ዘውዱ ግን ገና በተራራው ላይ ነበረና፥ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነገሡ። ከጥቂት ዓመትም በኋላ በ1888 ዓ.ም. ድንኳኑ እንደ ገና ተነቅሎ እስከ ዐድዋ ተጓዘ፤ እቴጌይቱም አብረው ዘመቱ። ያን የመሰለ ታላቅ የድንኳን ከተማ ከዚያ በኋላ እምብዛም አልታየም።

ከዐድዋ መልስ ከተማው ዳግመኛ ሊነሣ ቀርቦ ነበር። የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት አልቆ ነበርና፥ ዐፄ ምኒልክ በምዕራብ ባለችው አዲስ ዓለም መናገሻ ሊያደርጉ አስበው ሕንፃ አስጀመሩ። ነገር ግን ከአውስትራልያ ምድር የተገኘው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደዚህ አገር ገብቶ ነበር፤ በጥቂት ዓመት የሚደርስ፥ ቢቈርጡትም ከጉቶው የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ነው። ዛሬ የእንጦጦና የየካ ተራራ የሚለብሰው ይህ ዛፍ፥ ለጉዞ ተዘጋጅቶ የነበረውን ከተማ በሥሩ አስሮ አስቀረው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማው ሲቆም ሰዉ አልተበተነም። ከግቢው ዙሪያ ለእያንዳንዱ መኰንን ስፍራ ተሰጠው፤ እርሱም ከነወታደሩ፥ ከነቤተ ሰቡ፥ ከነንስሐ አባቱ ሰፈረበት። ራስ መኰንን ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሠራተኛ ሰፈር የተባሉት ስሞች ከዚያ ዘመን ልማድ የቀሩ ናቸው። እነሆ፥ የአዲስ አበባ ሰው ቤቱ የት እንደ ሆነ ሲጠየቅ እስከ ዛሬ «ሰፈሬ» ይላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ በግንብ ከተቀመጠ በኋላ እንኳ በቃሉ ድንኳን እንደ ተከለ ነው።

ሦስተኛው ነገር ይህ ነው። አያት ከጥቂት ዐሥርታት በፊት እህል የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት የከተማ ዳር ነበረ። በ1990ዎቹ ዓመታት መኖሪያ ቤቶች በብዛት ይሠሩበት ጀመር፤ ኋላም ኮንዶሚኒየሞቹ ተነሡ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ። ሰዉ በብዙ ምክንያት መጣ። አንዱ ዕጣ ወጥቶለት በደስታ መጣ፤ አንዱ የአባቱ ሰፈር ለልማት ፈርሶበት እያለቀሰ መጣ። አንዱ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሥራ ፍለጋ፥ ሌላውም ሰላም ፍለጋ መጣ። በቅሎው የጭነት መኪና ሆነ፤ ምጣዱ ግን እንደ ጥንቱ ከሁሉ በላይ ተጭኖ መጣ።

በዚህ ጕዞ የተገኘውና የጐደለው ይመዘን። ግድግዳው የጠና፥ ውኃውና መብራቱ በየቤቱ የገባ ነው፤ ይህ በረከት ነውና ማመስገን ይገባል። የጐደለው ግን ሥርዓተ ሰፈር ነው። የቀደመው ሰፈር ሲነሣ ጎረቤት ከነጎረቤቱ ይነሣ ነበር። የዛሬው ዕጣ ግን ለየሰዉ ለብቻው ይወጣል፤ አርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ሁለት ሴቶች አንዲቱ ወደ ምሥራቅ፥ ሁለተኛይቱ ወደ ምዕራብ ይደርሳቸዋል። ሰንበቴው ይፈታል፤ ማኅበሩ ይቀዘቅዛል፤ የጽዋው ተራ ይቋረጣል። ቤቱ ተገኘ፥ ሰፈሩ ግን በመንገድ ጠፋ።

ይህም በደስታ ቀን አይታወቅም፤ በኀዘን ቀን ይታወቃል። የዕድር ዋና ንብረቱ ምንድር ነው? ድንኳን ነው። አንድ ሰው ሲያርፍ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሰዉም ከሥሩ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ማን የማን ጎረቤት እንደ ሆነ ይለያል። እንግዲህ አዲስ የመጣ ቤተ ሰብ የቀድሞው ዕድሩ በሩቅ ቀርቶበት፥ በአዲሱ ሰፈር ዕድር ደግሞ ገና ሳይመዘገብ፥ ሞት ቢያገኘው ድንኳኑን ማን ይተክልለታል? በአራተኛው ፎቅ በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚያለቅስ ሰው በምድረ በዳ ካለ መንገደኛ በምን ይሻላል? በምድረ በዳ ያለውስ ቢያንስ በቀኙና በግራው ማን እንዳለ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ለዚህች ሰበካ በኢዮቤልዩዋ የሚቀርበው ሥራ ይህ ነው። በአዲስ ብሎክ ሰው በገባ ጊዜ ካህኑ ንስሐ ልጅ እስኪሆንለት ሳይጠብቅ ይጠይቀው፤ ከየት ሰፈር እንደ መጣ፥ ማኅበሩ የማን እንደ ነበረ ይጠይቀው። ሰንበቴው ለአዲስ ገቢ ወንበር ይተውለት። ዕድሩ የመግቢያውን ገንዘብ ለድኻ በጥቂት በጥቂቱ ይቀበል፤ ከፍሎ ሳይጨርስ ሞት ቢቀድመውም ድንኳኑን አይከልክለው። ከሰፈሩ አስቀድመው በዚህ ምድር ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችና ልጆቻቸውም እንደ ጥንቱ ባላገር ከዳር አይቁሙ፤ በሰንበቴውና በዕድሩ የቀኝ ስፍራ ይሰጣቸው፤ እንግዳው እነርሱ አይደሉምና።

ይህን ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን አልረሳችውም። በየዓመቱ በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው በውኃ ዳር በድንኳን ያድራሉ። በየካ ተራራ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ከቶ የማይናወጥ ቤት ሲሆን፥ ታቦት ግን በዓመት አንድ ሌሊት መንገደኛ ይሆናል። ያን ሌሊት በድንኳኑ ዙሪያ የሚያድረው ሕዝብ የየት ብሎክ እንደ ሆነ አይጠየቅም፤ ሁሉ በአንድ መካከል ዙሪያ የሰፈረ ነው። አንዲቱን ሌሊት ወደ ዓመቱ ሁሉ ማስፋት ለዚህች ደብር የተተወ ነው።

በመጨረሻ ሰፈረ የሚለውን ቃል ባለ ቅኔዎች ይመልከቱት። አንድም ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው፤ አንድም እህልን በቁና ለካ ማለት ነው። ሰሙ ሲቀመጡ ነው፤ ወርቁ ሲለኩ ነው። አስቀድሞ የሰፈረ በኋላ ለሚሰፍረው ምን ያህል ስፍራ እንደ ለካለት፥ እርሱም በተራው እንዲሁ ይለካለታል። አባቶች በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ያሉት ለገበያ ብቻ አይደለም።

እግዚአብሔር የመጣውን በሰላም ያስፍር፤ የተቀበለውንም ቁናውን ያስፋለት። አሜን።