ስለ መጀመሪያና አጭር የስቶክሆልም ጉብኝት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ጎንደሮች እንግዳ መቀበል እንጂ እንግዳ መሆን ብዙ አልለመድንም። ጧት አዘዞ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የፋሲልን ግንብ በሩጫ ዞሮ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ የሚከንፍ ቱሪስት ስናይ «ምስኪን፣ ከተማችንን ሳያያት ሄደ» እንላለን። ነገር ግን ከመካከላችን አንዱ ለስብሰባ ወደ ስዊድን ዋና ከተማ ወደ ስቶክሆልም ቢጠራና ለጉብኝት 3 ቀን ብቻ ቢተርፈው፣ ያው ሯጭ እንዳይሆን ምን ያድርግ? ንግግራችን ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

መንገዱ አዲስ አይደለም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ስቶክሆልምንም አይተዋል። በ1954 የእኛ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም፣ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቁሟል።

ይሁን እንጂ መንገዱ ለተማሪ ጠቧል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚመረመርበትን የተለመደ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲያድግ ወስኗል። ምክንያት ያደረገውም መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላሳየም የሚለውን ነው። በመንግሥታት ጉዳይ ተማሪ ዕዳ ሲከፍል ማየት ያሳዝናል፤ ኀዘን ግን ማመልከቻን አያፋጥንም። ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማመልከት ይፈቀዳልና ጥሪው በደረሰ ሳምንት ሥራው ይጀመር። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ የጉዞ የሕክምና ዋስትናውም እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ከተማይቱ ሐይቅና ባሕር በሚገናኙበት ቦታ፣ በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች ናት። በሰኔ ፀሐይ 18 ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ በታኅሣሥ ግን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነውና በክረምታቸው የሚሄድ ከቤት ውጭ የሚታየውን በቀትር ያድርገው። ብዙ ሱቆች ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ የባንክ ካርድ ጉዳይ እዚሁ ይለቅ። የቧንቧው ውኃ ስለሚጠጣ ኮዳ መያዝ ገንዘብ ያድናል።

ለ3 ቀን 3 ነገር ይበቃል እንላለን።

በመጀመሪያው ቀን ጋምላ ስታን የሚባለውን አሮጌውን ከተማ በእግር መዞር ነው።

በሁለተኛው ቀን የቫሳን መርከብ ማየት ነው። ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያሠራት ይህች የጦር መርከብ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ሰመጠች፤ ከላይ ከብዳ ነበርና። ንጉሡ በ1632 ሲሞት ዘውዱ ለልጁ ለክርስቲና አለፈ፤ በዚያው ዓመት በእኛም አገር ፋሲል በአባቱ በሱስንዮስ ዙፋን ተቀመጠ። ስዊድኖች በ1961 መርከቢቱን ከባሕር አወጧት፤ እንጨቱም እንዳይሰነጣጠቅ 17 ዓመት ሙሉ መድኃኒት ረጩበት። ውድቀታቸውን ሳያፍሩበት ጠግነው ለዓለም ያሳያሉ። የግንብ አገር ልጅ እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ቢመለስ ያሳፍራል፤ «እንዴት ጠበቃችኋት? ወጪውን ማን ቻለ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ቀን ባዶ ይሁን። ስዊድኖች ሥራ አቁመው ቡና የሚጠጡበትን ሰዓት «ፊካ» ይሉታል። ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። አንድ ሰዓት ከሰው ጋር ተቀምጦ መጨዋወት ከአምስት ሙዚየም ይበልጣል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከላይ የበዛበት ዕቅድም እንደ ቫሳ ከወደብ ሳይርቅ ይሰምጣል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ማኅበራችን በቤተ መጻሕፍት አንድ ደብተር ያኑር፤ ከውጭ አገር የተመለሰ ተማሪም ሆነ መምህር ያየውን፣ የተሳሳተውንና የከፈለውን በሁለት ገጽ ይጻፍበት። የአንዱ ጉዞ ለሚቀጥለው መንገድ ካልጠረገ፣ የአንድ ሰው ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።