ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የመዋጥ ችግርና የሰበካው ድርሻ

በማሻ አካባቢ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ሕመም ነው። ዋና መንሥኤው የአዮዲን እጥረት ሲሆን፣ ጎርፍ አፈሩን ባጠበበት ተራራማ አገር ይበረታል። ዕጢው ገዝፎ የአየርና የምግብ ቧንቧን ሲጫን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ዛሬ በብብት ወይም በአፍ በኩል ገብቶ ዕጢውን ማውጣት የሚቻልባቸው አገሮች አሉ፤ ዓላማው በአንገት ላይ ጠባሳ እንዳይቀር ነው። ለገዘፈ እንቅርት የተለመደው መንገድ ግን፣ ማተብ በሚያርፍበት ስፍራ አንገትን ከፊት መክፈት ነው። በየትኛውም በኩል ቢገባ የዕጢው ስፍራ አንድ ነውና፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሲውጡ የመያዝ ስሜት ሊኖር ይችላል። በአብዛኛው እየቀለለ ይሄዳል።

ስለዚህ ሕመምተኛው «ሕክምናው አልያዘልኝም» ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥና ከማኅበር እንዳይርቅ አጽናኑት። ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለው፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ከንፈሩና ጣቶቹ የሚደነዝዙት ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪሙ ይመለስ። አንገቱ አብጦ ትንፋሽ ካጠረው ፈጽሞ ጊዜ አይሰጥም።

ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ክኒን ይወስዳል። ጠበል ቢጠመቅም አያቋርጥ። በጾምና በቅዱስ ቁርባን ቀን የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ይወስን።

ለልጆቻችን ደግሞ መከላከያው ጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ይህን ጨው በክዳን ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር እንደሚገባ በየዐውደ ምሕረቱ ይነገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።