መቆጠብና መንፈግ

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ቁጠባ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ «ለበዓል ቀን ይሄ ምን ዓይነት ርእስ ነው?» ብዬ ነበር። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ስለ ማኅበራችን በጀት የምንወስነው ውሳኔ ስላለ፣ ጊዜው ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አማርኛችን ነገሩን ቀድሞ ለይቶልናል። «ቆጠበ» ከሚለው ቃል «ተቆጠበ» ይወጣል፤ ራሱን ገታ ማለት ነው። «ነፈገ» ስንል ግን ወዲያው «ማንን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ለእኔ ልዩነቱ ይኸው ነው። ቆጣቢ ከራሱ ይቀንሳል፤ ንፉግ ሒሳቡን ለሌላ ሰው ያስተላልፋል። ኪስ ውስጥ የተረፈው ብር ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው፤ መጠየቅ ያለበት ከማን ጉሮሮ እንደ ተረፈ ነው።

እስቲ የዶርም ኑሯችንን አስታውሱ። ለአራት ሆነው አንድ መጽሐፍ ገዝተው፣ ማን ሌሊት ማን ቀን እንደሚያነብ ተስማምተው የተመረቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። እነዚህ ቆጣቢዎች ነበሩ። በየዶርሙ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በሰው ሳሙና የሚታጠብ አንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። እሱም ራሱን ቆጣቢ ነው የሚለው! ስም አልጠራም፤ ዛሬም መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ካደግንም በኋላ ነገሩ አልቀረም። ጉልት ላይ ቲማቲም ከምትሸጥ እናት ጋር በ5 ብር ሲከራከር የሚቆይ ሰው፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ሜኑው ላይ የተጻፈውን ዋጋ ትንፍሽ ሳይል ይከፍላል። መከራከር የሚችለው ከደካማ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ይሄ ቁጠባ አይባልም።

ሕዝባችን ትክክለኛውን ቁጠባ አሳምሮ ያውቀዋል። እድርን ተመልከቱ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የጋራ ነው። እያንዳንዱ ቤት ለብቻው መግዛት አይጠበቅበትም፤ ሐዘንተኛውም በክፉ ቀን ብቻውን አይቀርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እኮ ይሄ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ደግሞ፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የቤት ዕቃ ሲሆን ታያላችሁ። የተጣለ ነገር ተነሣ እንጂ ማንም ምንም አልተነጠቀም።

ቆጣቢ ሁልጊዜ ርካሹን የሚገዛ ሰው አይደለም። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ በዋጋ ይወደዳል። ነገር ግን ውስጡ በሸክላ የተሠራ ስለሆነ ሙቀቱን ይይዛል፤ ከሰሉንም ሩብ ያህል ይቆጥባል። አስተዋይ ባለቤት ዛሬ ጨምራ የከፈለችውን ከከሰሉ ላይ ታስመልሰዋለች። ርካሽ መግዛት ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ለነገ ማሳደር ነው። ነገ የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ገዢው አይደለም።

ወደ ራሳችን ልምጣ። የቤተ ሙከራ መምህራን ይመሰክሩልኛል፤ በስጦታ መሣሪያ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ጭብጨባ ይሰማል። ከዚያ አምፖሉ ይቃጠላል ወይም መብራት ሲዋዥቅ አንድ ነገሩ ይበላሻል። መለዋወጫው ስላልታሰበበት መሣሪያው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይይዛል። በዚያ ስጦታ ላይ የተቆጠበውን ገንዘብ የከፈለው ማነው? ማይክሮስኮፑን በሥዕል ብቻ አይቶ የተመረቀው ልጅ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታስታውሷቸው አንድ መምህር ነበሩን። የፈተና ረቂቃቸውን በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር የሚጽፉት፤ ኮታቸውም ከመጣንበት ዓመት እስከ ተመረቅንበት ያው አንድ ነበር። ግን ቢሯቸው ሄዶ መጽሐፍ የተከለከለ፣ ጥያቄ ይዞ ገብቶ «ጊዜ የለኝም» የተባለ ተማሪ አላውቅም። ለራሳቸው ቋጣሪ፣ ለእኛ ለጋስ ነበሩ። እኛም ቁጠባን ከዚያ ኮት ብንማር አናፍርም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እጅ ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በያዝነው ገንዘብ 20 ርካሽ ኮምፒውተር ከምንሰጥ፣ ቁጥሩን ቀንሰን ጥሩውን ከነመለዋወጫው፣ ከነስታቢላይዘሩ እንስጥ። በሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያንስ ይሆናል፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን የሚሠራ ነገር ይኖራል።

ሁለተኛ፣ መቀነስ ካለብን ከራሳችን እንጀምር። በየዓመቱ የምናሳትመው ቲሸርትና ባነር ቢቀር ወዳጅነታችን አይቀንስም። የዘንድሮው ቲሸርት እንደሆነ ለሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል፤ ሆዳችን ካልጨመረ!

ሦስተኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩልን የዋሉት ተማሪዎች «ለበጎ ፈቃድ ነው የመጡት» ተብሎ አበላቸው ይቅር የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ለማኅበሩ አስበው ነው፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ገንዘብ ለእኛ የአንድ ቡና ወጪ ነው፤ ለእነሱ የሳምንት ፎቶኮፒ ነው። እኛም እዚያው ወንበር ሥር ነበርን። አበላቸው ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ ይከፈል።

ከራሳችን እንቆጠብ፤ ሰው ግን አንንፈግ።