ደብዳቤው ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው ስለ መንግሥት ደብዳቤና ስለ ስልክ ጥቂት እንድናገር አዞኛል። «እድርን ከፖስታ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ከእድር የበለጠ የሚያውቀው የለም እላለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ይዞራል፤ ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። ሰውዬው መጥቶ «አልሰማሁም» ቢል የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥሩምባው በእሱ ሰፈር ተነፍቷል ወይስ አልተነፋም? ተነፍቶ ከሆነ ይከፍላል። ነፊው ዳገቱ ከብዶት ከመንገድ ተመልሶ ከሆነ ግን ቅጣቱ ይነሣለታል።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በዜጋው መካከል ተነሥቷል። መሥሪያ ቤቱ «ልኬአለሁ» ይላል፤ ባለጉዳዩ «አልደረሰኝም» ይላል። በመካከሉ ቀጠሮ ያልፋል፣ የይግባኝ ጊዜ ያልፋል፣ ግብር ላይ ቅጣት ይጨመራል።

የአገራችን ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ይሁን እንጂ ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ደብዳቤ የሚያድልበት ልማድ በእኛ አገር አልተስፋፋም። ደብዳቤ የሚገባው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን የሌለው በሰው ሣጥን ይቀበላል፤ በፖስታው ላይ «በእገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍለታል። በላስታ ገጠር ይህ እገሌ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ቀበሌው ነው፣ ወይም ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ የወጣ ጎረቤት ነው። እንዲህ እየሆነ ስንቱ ወረቀት በገበያተኛ ኪስ ተጣጥፎ ከርሟል! ቢሆንም ያ ጎረቤት በስሙ ይታወቃል፤ ቤቱ ሄዶ መጠየቅም ይቻላል።

ልጆቻችን በተሰደዱባቸው አገሮች ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በስዊድን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤያቸውን በስልክ ወይም በኮምፒዩተር በሚከፈት ዲጂታል የፖስታ ሣጥን ይልካሉ። ሰው ሣጥኑን ራሱ ይመርጣል፤ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ኪቭራ በሚባል የግል ኩባንያ ነው፤ ኩባንያ የማይፈልግ ደግሞ መንግሥት ራሱ ያዘጋጀውን ሣጥን ይይዛል። ሣጥን ያልከፈተ ሰው ወረቀቱ በፖስታ ይመጣለታል። ዴንማርክ ግን ጠንከር ያለ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014 ጀምሮ ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ ዲጂታል ሣጥን እንዲኖረው በሕግ ታዟል። ሣጥኑ በመንግሥት ድረ ገጽም በግል ኩባንያ መተግበሪያም ይከፈታል፤ ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ከገባ ግን ባለቤቱ አነበበውም አላነበበውም እንደ ደረሰው ይቆጠራል። አቅም የሌለው ማመልከቻ አቅርቦ ነጻ ሊደረግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻም ፖስትኖርድ የተባለው የፖስታ ድርጅታቸው 400 ዓመት የቆየውን ደብዳቤ የማደል ሥራ አቁሟል፤ የቀረውን የሚያደርሰው ሌላ ድርጅት ነው።

ይህን የምነግራችሁ የሩቅ ወሬ ለማውራት አይደለም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሣጥን ገና አልተለመደም፤ ነገር ግን ስሙ ሳይወጣለት ሣጥን የሆነ ነገር አለ። እሱም ስልካችን ነው። የፋይዳ ቁጥራችን የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው። ባንክ ስንሄድ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው ስንመዘገብ በሰጠነው ስልክ ነው። የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጠፋል፤ ሁለቱም የውጭ አገር የግል ኩባንያዎች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረትም አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ስለዚህ «ወረቀት አይደለምና አልቀበልም» ማለት አያዋጣም።

ችግሩ ያለው ስልኩ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። አንዲት የእድራችን እናት ለፋይዳ ሲመዘገቡ ስልክ ስላልነበራቸው የወንድማቸውን ልጅ ቁጥር ሰጡ። ልጁ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወረደና ሌላ ሲም ካርድ አወጣ። እትዬ ባንክ ሄደው «ቁጥር ተልኮልዎታል፣ ይንገሩኝ» ሲባሉ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «የትኛው ቁጥር ልጄ? እኔ ምን ይዤ?» ብለው ተመለሱ። ረዥም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ «በእገሌ በኩል» የሚለው እገሌ ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒት አለው፤ ወደ ምዝገባ ጣቢያ ራስ ቀርቦ ቁጥሩን ማስለወጥ ነው። የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ደውሎ «ንገሩኝ» ለሚል ሰው፣ ከመንግሥት ነኝ ቢልም፣ አይነገርም።

መድኃኒቱ በእጃችን ያልሆነው ሌላው ነው። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የምታስታውሱት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። እንግዲህ የዴንማርክን ሕግ እንዳለ አምጥተን እዚህ ብንተክለው ምን ይሆናል? ሣጥኑ ተዘግቷል፤ ቁልፉ በእኛ እጅ የለም፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። ጥሩምባው ሳይነፋ ቅጣት ማለት ይህ ነው። ለእኛ ደጋ የሚስማማው የስዊድኑ ይመስለኛል፤ የፈለገ በስልክ፣ ያልፈለገ በወረቀት። ከዚህም ጋር መስመር የተቋረጠበት ቀን ከቀጠሮ እንዳይቆጠር በግልጽ መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ እድራችን ልመለስ። አባል ሲሞት ስልኩ ምን ይሆናል? ልጆች ያጠፉታል ወይም ሲሙን አውጥተው ይጥሉታል። የጡረታ ጉዳይ፣ የባንክ መልእክት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ግን የሟቹን መሞት ላላወቀ ሁሉ ወደዚያው ቁጥር መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቢያንስ የሟች ቤተ ሰብ ጉዳዩን እስኪጨርስ ስልኩ እንዳይጠፋ እመክራለሁ። በዚያ ስልክ ከሟቹ ሒሳብ ገንዘብ ማውጣት ግን ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከፍርድ ቤት በሚገኝ የወራሽነት ማስረጃ ነው። ሞትም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ አለበት። እኛ አርባውን ስናስብ ሠላሳው ያልፋል፤ ኮሚቴው የቀብር ገንዘቡን ሲያስረክብ በዚያው ቀን ይህንን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አንዳንድ አባላት የመንግሥትን ማስታወቂያ ሁሉ ጥሩምባ ነፊው ይንገረን የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በዚህ አልስማማም። ያ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ድግሩን ጥሎ፣ እንጀራውን ምጣድ ላይ ትቶ የሚወጣው ሞት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ ግብር፣ ነገ ማዳበሪያ ካስነፋንበት ከነገ ወዲያ ለቀብርም የሚወጣ አይገኝም። ማስታወቂያው በእድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በወሩ ስብሰባ ይነበብ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በአባላት መዝገብ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ ስልኩ የራሱ ካልሆነም «በእገሌ በኩል» ተብሎ የባለ ስልኩ ስም ይግባ። ቁጥሩን የሚያየው ጸሐፊው ብቻ ይሁን። የተቋረጠ መስመርን ቀን ስለ አለመቁጠር ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበውን ማመልከቻ አርቅቄ አምጥቻለሁ፤ ለሰብሳቢው እሰጣለሁ። ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዘው ከዋርካው ሥር ስለሚቀመጡ፣ ስብሰባው ሲያበቃ የሌላ ሰው ቁጥር ይዛችሁ የምትኖሩ በቅድሚያ ቅረቡ።