መሬቱና ዛፉ፤ በይዞታችን ላይ ስለምንተክለው ዛፍ ሕጉ የሚለው
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛፍ የተከለ ገበሬ ችግኙን ከከብት፣ ከምስጥና ከእሳት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ምስጥ ያልነካውን ዛፍ ያልተጻፈ ውል ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አተካከል ሳይሆን፣ በዛፉ ላይ ስላላችሁ መብትና ግዴታ ነው።

1ኛ/ ይዞታና ንብረት። እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መብት ይዞታ ይባላል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ መሬቱ ባይሸጥም፣ በላዩ ተክላችሁ ያሳደጋችሁት ዛፍ የድካማችሁ ፍሬ ነውና ልትሸጡት፣ ለልጅ ልታወርሱት ትችላላችሁ።

ይህን መብት የሚያስረዳላችሁ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁ ነው። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የተጻፈ እንደሆነ የዛፉም ሽያጭ በሁለቱ ምክር ይሁን። አንዱ ሳያውቅ የተደረገ ሽያጭ ቤትን ይበጠብጣል፤ ገዢውንም ለክርክር ይዳርጋል።

2ኛ/ የግል ደን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 1065 ደንን በአራት ይከፍላል፤ እነርሱም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን ናቸው። ገበሬ በይዞታው ላይ የሚያለማው ደን ከግል ደን ወገን ነው። መብት ካለ ግዴታም አለ፤ ባለደኑ የቆረጠውን በሌላ መተካት፣ ደኑንም ከእሳትና ከተባይ መጠበቅ አለበት። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ በሰላ መሣሪያ ወደ መሬት ተጠግቶ፣ ልጡ ሳይላጥ የተቆረጠ እንደሆነ መተካቱ ይቀላል።

ለአገር በቀል ዛፎች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ እየጠፉ በመሄዳቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በይዞታችሁ ላይ ያሉትንም ቢሆን ከመቁረጣችሁና ከማጓጓዛችሁ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

3ኛ/ የቆመ ዛፍ ሽያጭ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1133 ዛፍ ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ ክፍል እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከመሬቱ እንዲለይ ውል ከተደረገበት ግን ለብቻው እንደሚንቀሳቀስ ዕቃ ይቈጠራል። ይህ ማለት ውላችሁ ዛፉን ከመሬቱ የሚለየው ምሳር ነው ማለት ነው።

እስቲ እናስብ። አንድ ገበሬ ባሕር ዛፉን ለነጋዴ በጅምላ ሸጠ፤ ውሉ በቃል ነው። ነጋዴው የወፈረውን ቈርጦ የቀጠነውን እንዲያድግ ተወው። ሁለት ክረምት አለፈ። ጉቶው ባቆጠቆጠ ጊዜ ነጋዴው «ዛፉን ገዝቻለሁ፤ ቡቃያውም የእኔ ነው» ቢል ገበሬው በምን ያስረዳል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ውሉ በምስክር ፊት ይጻፍ። በውሉም ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦

ሀ) የተሸጠው ዛፍ ወሰንና ቍጥር፤ ማገሩ፣ አጣናውና ቋሚው እየተለየ።
ለ) ዋጋውና የሚከፈልበት ቀን።
ሐ) ቆረጣው የሚያልቅበት ቀን፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ የተገኘው ዛፍ የማን እንደሚሆን።
መ) ጉቶውና ቡቃያው የባለይዞታው ሆኖ እንደሚቀር።
ሠ) በቆረጣና በጭነት ጊዜ የጎረቤት አዝመራ ቢጎዳ ከፋዩ ማን እንደሆነ።

መሬት ተከራይቶ ዛፍ የሚተክልም ይጠንቀቅ። የኪራዩ ዘመን ዛፉ ከሚደርስበት ዘመን ያጠረ እንደሆነ ክርክር አይቀርም። ስለዚህ የዛፉ ነገር በኪራይ ውሉ ተጽፎ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።

4ኛ/ ካሳ። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚፈለግ ቢሆን ሕገ መንግሥቱ ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል፤ የ1161/2011 ዐዋጅም ስለ አከፋፈሉ ይዘረዝራል። ገማቾች በሚመጡበት ቀን ከቃል ይልቅ ማስረጃ ይጠቅማል። ዛፉ የተተከለበትን ዓመት፣ ዓይነቱንና ብዛቱን በደብተር መዝግባችሁ ያዙ፤ በየዓመቱም ቍጥሩን አስተካክሉ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ችግኝ ስታድሉ ስለ ውሉም ንገሩ። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በቀስታ አንብቡለት፤ ያልገባውንም አስረዱት።

ገበሬዎች ሆይ፤ ዛፍ የሚተከለው በአንድ ቀን ነው፤ የሚደርሰው ግን በዓመታት ነው። የዓመታት ድካማችሁ በአንድ ቀን እንዳይጠፋ ደብተራችሁን ጠብቁ፤ ወሰናችሁን አጽኑ፤ ውላችሁን አጽፉ።